አራት እርከን፣ አንድ ያልተሠራ ስሌት፦ የሳን ሁዋን ካፒስትራኖ የውኃ ታሪፍ ጉዳይ

ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2010 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዋ 35 ሺህ አይሞላም ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎብኚ የሚያውቃት በ1776 በተቆረቆረው ሚሲዮኗና በየዓመቱ በሚመለሱት ወፎቿ ነው። የውኃ ታሪፍ የሚያወጡ ሰዎች ግን የሚያስታውሷት በአራት ቁጥሮች ነው፦ 2.47፣ 3.29፣ 4.94 እና 9.05 ዶላር። ሚያዝያ 20 ቀን 2015 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እነዚህ ዋጋዎች የክልሉን ሕገ መንግሥት ይጥሳሉ ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በካሊፎርኒያ ያለ የመንግሥት የውኃ አገልግሎት ሁሉ የእርከን ዋጋ፣ ማለትም ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር እየከበደ የሚሄድ ዋጋ፣ ሲያወጣ ይህ ውሳኔ ከፊቱ አለ።

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው “ፍርድ ቤቱ ውኃ የሚያባክንን ማስከፈል ከለከለ” እየተባለ ነው። ይህ ስሕተት ነው። የተከለከለው እርከን ሳይሆን ማስረጃ የሌለው እርከን ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለማየት ወደ ሒሳቡ መግባት ያስፈልጋል።

ከተማዋና ውኃዋ

የከተማዋ አስተዳደር የራሱ የውኃ ክፍል ነበረው። ውኃው ከሁለት ዋና ምንጮች ይመጣ ነበር። አንደኛው የአካባቢው ከርሰ ምድር ውኃ ሲሆን ጨውና ማዕድን ስለሚበዛበት በከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ጨውን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ (ሜምብሬን) ተገፍቶ ይጣራል። ይህ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ሜምብሬኑም በየጊዜው ይለወጣል፤ ጣቢያው የተሠራበት ብድር ደግሞ ጉድጓዱ ቢሠራም ባይሠራም ይከፈላል። ሁለተኛው ከኮሎራዶ ወንዝና ከሰሜን ካሊፎርኒያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተስቦ የሚመጣ፣ በጅምላ የሚገዛ ውኃ ነው። ከእነዚህ ሌላ ለመናፈሻና ለሣር ማጠጫ የሚውል፣ ከፍሳሽ ታክሞ የሚመለስ ውኃ ነበረ፤ እሱም የራሱ ቧንቧና የራሱ ወጪ አለው።

የአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ዋጋ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ ይለያያል ማለት ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ወሳኝ ስለሚሆን አንባቢ ልብ ይበለው። ከተማዋ የእርከን ዋጋዋን ልታስረዳ ትችል የነበረበት ጥሬ ዕቃ በገዛ መዝገቧ ውስጥ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል

ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንግሥት አገልግሎቶች የውኃ ዋጋ የሚገዛው በ1996 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ሕዝበ ውሳኔ 218 ነው። ወደ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 ዲ ሆኖ ገባ። ከቤትና ከመሬት ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ክፍያ ላይ በክፍል 6 ያስቀመጣቸው ገደቦች ጥብቅ ናቸው፦ የሚሰበሰበው ገቢ አገልግሎቱን ለመስጠት ከሚያስፈልገው ወጪ አይበልጥም፤ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ አይውልም፤ እያንዳንዱ ይዞታ የሚከፍለው ለዚያ ይዞታ አገልግሎቱን ማቅረብ ከሚያስወጣው ድርሻ አይበልጥም፤ ለፖሊስና ለመሳሰለው ጠቅላላ የመንግሥት አገልግሎት በዚህ ስም ማስከፈል አይቻልም። ክርክር ከተነሣም የማስረዳት ሸክሙ የአስተዳደሩ ነው። ነዋሪው “ዋጋው ትክክል አይደለም” ብሎ ማስረጃ መደርደር አይጠበቅበትም፤ ከተማው ነው ትክክል መሆኑን የሚያሳየው።

ሥነ ሥርዓትም አለው። አስተዳደሩ የታሰበውን ዋጋና ዋጋው የተሠላበትን መሠረት የሚገልጽ ማስታወቂያ ለየይዞታው በፖስታ ይልካል። ከዚያ ቢያንስ 45 ቀን ቆይቶ ሕዝባዊ ስብሰባ ይጠራል። ከይዞታዎቹ ከግማሽ በላይ በጽሑፍ ከተቃወሙ ዋጋው ይወድቃል፤ ካልተቃወሙ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። አንድ ጊዜ የጸደቀ የጭማሪ መርሐ ግብር እስከ አምስት ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። ተቃውሞው ከግማሽ በላይ የሚሆንበት ጊዜ እምብዛም ነው፤ ስለዚህ ብዙ አስተዳደሮች ስብሰባውን ካለፉ ጉዳዩ ያበቃ ይመስላቸዋል። የሳን ሁዋን ካፒስትራኖ ጉዳይ ያሳየው ግን ሥነ ሥርዓቱን አሟልቶም የወጪ ድርሻውን ማሳየት ያልቻለ ዋጋ ፍርድ ቤት እንደሚወድቅ ነው።

በ2006 የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፍጆታ ልክ የሚከፈል የውኃ ሒሳብም በዚህ ሕግ ሥር እንደሚወድቅ ወስኖ ነበር። በ2011 ደግሞ የፓልምዴል የውኃ ዲስትሪክት (ውኃ ለማቅረብ የተቋቋመ የአካባቢ የሕዝብ ተቋም) ለመስኖ ተጠቃሚዎቹ ያወጣው ከሌሎቹ የከበደ እርከን ፈርሷል። ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

ዋጋው እንዴት ወጣ

ከተማዋ በ2010 በአማካሪ ድርጅት ጥናት ላይ ተመሥርታ አራት እርከን አወጣች። ለእርከኖቹ የተሰጣቸው መጠሪያ ራሱ ዓላማውን ይናገራል፦ ዝቅተኛ፣ ተገቢ፣ ከመጠን ያለፈ፣ እጅግ ከመጠን ያለፈ። መለኪያው 748 ጋሎን ነው፤ ይህ መቶ ኪዩቢክ ጫማ ሲሆን ወደ 2.83 ሜትር ኩብ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርከን በሜትር ኩብ ወደ 0.87 ዶላር፣ የመጨረሻው ወደ 3.20 ዶላር ይሆናል።

ጥናቱ ያደረገው ይህን ነው። የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ደመረ፤ ወጪውን በደንበኛ ዓይነት፣ ማለትም ለመኖሪያ ቤት፣ ለእርሻና ለመሳሰለው ከፋፈለ፤ ከዚያ የመኖሪያ ቤቶቹን ድርሻ ለመሰብሰብ የሚያስችል አራት ዋጋ አስቀመጠ። በአጠቃላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከአጠቃላይ ወጪው ጋር ይመጣጠናል። እዚያው ቆመ። የሁለተኛው እርከን ውኃ ምን ያህል ያስወጣል፣ የአራተኛውስ ለምን ይበልጣል የሚለው ስሌት አልተሠራም።

የነዋሪዎች ግብር ከፋይ ማኅበር በ2012 ከሰሰ፤ በ2013 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ለማኅበሩ ፈረደ። ከተማዋ ይግባኝ አለች። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ዊሊያም ቤድስዎርዝ ናቸው፤ ቁጥሮቹንም ለብቻ አውጥተው አዩአቸው። 3.29 ከ2.47 በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። 4.94 ከ3.29 በትክክል በግማሽ ይበልጣል። 9.05 ደግሞ ከ4.94 በ83 በመቶ ይበልጣል። ከእውነተኛ ወጪ የመጣ ዋጋ እንዲህ ተስተካክሎ በክፍልፋይ አይሰለፍም። የጉድጓድ ኤሌክትሪክ፣ የግዥ ውኃና የብድር ወለድ ተደምረው በየእርከኑ ሲካፈሉ ውጤታቸው ጎርበጥባጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጀመሪያ መነሻ ዋጋ ይዞ በማባዣ እያበዛ እንደወጣ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። የታሪፍ ረቂቅ የሚመረምር ማንም ሰው ይህን ፈተና በአምስት ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል፦ እያንዳንዱን ዋጋ ለቀዳሚው ማካፈል።

ከተማዋ ሁለት መከላከያ አቀረበች። አንደኛው አጠቃላይ ገቢ ከአጠቃላይ ወጪ ካልበለጠ ይበቃል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ሕጉ ድርሻውን የሚለካው በእያንዳንዱ ይዞታ ነውና። ሁለተኛው ከፍተኛው እርከን በአባካኝ ላይ የሚጣል ቅጣት ነው የሚል ነበር። ይህም አልሆነም፤ ማንኛውም ክፍያ “ቅጣት” በሚል ስም ከሕጉ ማምለጥ ከቻለ ሕጉ ባዶ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ በሌላ አንቀጹ፣ በአንቀጽ 10 ክፍል 2፣ ውኃ እንዳይባክን ያዛል፤ ፍርድ ቤቱም ሁለቱ ድንጋጌዎች አብረው እንደሚሄዱ ነው የተናገረው፦ ወጪው እያደገ መሄዱ ከታየ ዋጋውም እያደገ ሊሄድ ይችላል።

ከተማዋ ያሸነፈችበት ነጥብም አለ፤ ሁልጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ግን ትልቅ ነጥብ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ታክሞ የሚመለሰውን ውኃ የማያገኝ ነዋሪ ለእሱ ሊከፍል አይገባም ብሎ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ይህን ሻረ። መናፈሻው በታከመ ውኃ ሲጠጣ ለመጠጥ የሚሆነው ውኃ ይተርፋል፤ ሁሉም የአንድ አቅርቦት ተካፋይ ነው። ነገር ግን ይህን ተጨማሪ ግንባታ ግድ ያደረገው የማን ፍጆታ እንደሆነ ይታይ፣ በትንሹ የሚጠቀመው ነዋሪ እንዲሸከመው ተደርጎ እንደሆነም ይጣራ ብሎ መዝገቡን መለሰ። ለሌላ ከተማ ይህ በር ነው፤ አዲስና ውድ ምንጭ የተገነባው በከፍተኛ ፍጆታ ምክንያት መሆኑን ካሳየህ ወጪውን እዚያው እርከን ላይ ማስቀመጥ ትችላለህ።

ውሳኔው የወጣበት ጊዜ ከባድ ነበር። ገዥው ጄሪ ብራውን በድርቁ ምክንያት የከተሞች የውኃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀንስ ያዘዙት ሚያዝያ 1 ቀን ነው፤ ፍርዱ የመጣው ከ19 ቀን በኋላ። ብራውንም የአካባቢ አስተዳደሮችን እጅ የሚያስር ውሳኔ ነው ብለው ተቃወሙት። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ውሳኔው ለሌሎች ጉዳዮች እንዳይጠቀስ የቀረበለትን ጥያቄ በዚያው ዓመት ሐምሌ አልተቀበለም።

ሊሠራ ይገባው የነበረው ስሌት

እርከን ያለው ታሪፍ በወጪ እንዴት እንደሚደገፍ በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። የሚከተለው ከተማ የታሰበ ነው፤ ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት በብር የተቀመጡ ናቸው። 10,000 ደንበኛ አለ፤ በዓመት 1,000,000 ሜትር ኩብ ይሸጣል።

ወጪውን መጀመሪያ በሥራው ዓይነት መለየት ነው፦ ምንጭና ማጣሪያ፣ ማስተላለፊያና ማከፋፈያ መሥመር፣ ለከፍተኛ ፍጆታ ቀን ተብሎ የተሠራ ተጨማሪ አቅም፣ ቆጣሪና የሒሳብ አሰባሰብ። ከዚያ ምንጮቹን ከርካሹ ወደ ውዱ መደርደር። በከተማው ዳር ያሉት ጉድጓዶች 600,000 ሜትር ኩብ በ12 ብር፣ ጥልቆቹ ጉድጓዶች 300,000 በ20 ብር፣ ከሩቅ ተገፍቶ የሚመጣው 100,000 በ38 ብር ይሰጣሉ እንበል። የምንጭ ወጪ 7.2፣ 6 እና 3.8፣ በድምሩ 17 ሚሊዮን ብር ነው። ማከፋፈያው ለሁሉም እኩል በሜትር ኩብ 8 ብር፣ ማለትም 8 ሚሊዮን። ቆጣሪ ማንበብና ማስከፈል በደንበኛ በወር 20 ብር፣ በዓመት 2.4 ሚሊዮን።

የቀረው 3 ሚሊዮን ብር የከፍተኛ ፍጆታ ቀን ወጪ ነው፤ ብዙ ታሪፍ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓምፕ፣ ማጠራቀሚያና ዋና መሥመር የሚሠሩት ለአማካይ ቀን አይደለም፤ በበጋ አትክልት ሁሉ በሚጠጣበት ቀን ውኃው እንዳይቋረጥ ነው። ለምግብ፣ ለመታጠቢያና ለልብስ የሚውለው ውኃ በክረምትም በበጋም ብዙ አይለዋወጥም። የሚዘለው የግቢ ማጠጫው ነው። ስለዚህ የየእርከኑን የበጋና የክረምት ንባብ አነጻጽሮ የዝላዩን ድርሻ ማውጣት ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ከዝላዩ አንደኛው እርከን 10 በመቶ፣ ሁለተኛው 40፣ ሦስተኛው 50 በመቶ አለበት እንበል። ያ ማለት 0.3፣ 1.2 እና 1.5 ሚሊዮን ብር ሲሆን፣ በየእርከኑ ሽያጭ (600,000፣ 300,000፣ 100,000) ሲካፈል 0.50፣ 4 እና 15 ብር ይሆናል።

አሁን መደመር ብቻ ነው። አንደኛ እርከን 12 ሲደመር 8 ሲደመር 0.50፣ 20.50 ብር። ሁለተኛው 32 ብር። ሦስተኛው 61 ብር። በሽያጩ ሲባዛ 12.3፣ 9.6 እና 6.1 ሚሊዮን፤ ከወርሃዊው ቋሚ ክፍያ ጋር 30.4 ሚሊዮን ብር፣ ይህም ከጠቅላላ ወጪው ጋር እኩል ነው። ሦስተኛው እርከን የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ ግን እያንዳንዱ ብር ከየት እንደመጣ በገጽ ይታያል። የሳን ሁዋን ካፒስትራኖ የመጨረሻ እርከን ከመጀመሪያው 3.7 እጥፍ ገደማ ነበር። ምናልባት በትክክል ቢሠላ ውጤቱ ከዚያ ብዙ ባልራቀ ነበር፤ የጎደለው ወረቀቱ ነው። በዚያው ካውንቲ ያለው የኧርቫይን ራንች የውኃ ዲስትሪክት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለየቤቱ የፍጆታ መጠን እየመደበ፣ ከዚያ ያለፈውን በውዱ ምንጭና በቁጠባ ሥራው ወጪ እየተመነ ሲሠራበት ቆይቷል።

የእርከኑ ወሰን ራሱ ምክንያት ይፈልጋል። “እስከ 10 ሜትር ኩብ” ከተባለ 10 ለምን? የርካሹ ምንጭ መጠን ለደንበኞች ሲካፈል የሚደርሰው ነው፣ ወይስ የአንድ ቤተሰብ የቤት ውስጥ ፍጆታ? በምሳሌያችን 600,000 ሜትር ኩብ ለ10,000 ደንበኛና ለ12 ወር ሲካፈል በወር 5 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ ወሰኑ የሚነሣው ከዚህ ነው። አንዳንዱ ቤት 5 ስለማይደርስ ያንን ለማካካስ ወሰኑ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ የሚወስነው የእውነተኛው የቆጣሪ ንባብ ሥርጭት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚበላሸው

ቁልቁል የሚወርድ ፍጆታ በጀትን ይበላል። በምሳሌው ሦስተኛው እርከን ዋጋውን አይቶ በ40 በመቶ ቢቀንስ 40,000 ሜትር ኩብ አልተሸጠም፤ 2.44 ሚሊዮን ብር ገቢ ጠፋ። የሚድነው ወጪ ግን ኤሌክትሪክና ኬሚካሉ ብቻ ነው። ከ38 ብሩ 25ቱ እሱ ከሆነ የተረፈው 1 ሚሊዮን ነው። 1.44 ሚሊዮን ብር፣ ማለትም ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ፣ ክፍተት ሆኖ ይቀራል፤ ብድሩ፣ ደመወዙና ቧንቧው አልቀነሱምና። ቁጠባ የሚጠይቅ ታሪፍ ሲወጣ የሽያጭ ትንበያው የሚጠበቀውን ቅነሳ አስቀድሞ መያዝ አለበት። አለዚያ በሁለተኛው ዓመት አስተዳደሩ “ስለቆጠባችሁ ጨመርን” ለማለት ይገደዳል፤ ይህን ሕዝብ ይቅር አይልም።

የጋራ ቆጣሪ ሌላው ችግር ነው፤ ለአገራችን ከተሞች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። የ1999ኙ የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውኃ ሙሉ ወጪውን እንዲሸፍን፣ የገጠሩ የማስኬጃና የጥገና ወጪውን እንዲሸፍን ያስቀምጣል፤ ከተሞቻችንም እያደገ የሚሄድ የእርከን ታሪፍ ይጠቀማሉ። ነገር ግን በአንድ ግቢ አራት አምስት ተከራይ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 4 ሜትር ኩብ ቢጠቀም አምስቱ 20 ናቸው፤ ቆጣሪው የሚያየው አንድ አባካኝ ነው። ከጎረቤት በጀሪካን የሚገዛውም ያንኑ ከፍ ያለ ዋጋ ከትርፍ ጋር ይከፍላል። ድሃውን ለመርዳት የወጣው እርከን ድሃውን ይጎዳል ማለት ነው። መፍትሔው ይታወቃል፦ በጋራ ቆጣሪ ላይ የእርከኑን ወሰን በተመዘገቡት አባወራዎችና እማወራዎች ቁጥር ማባዛት፣ ወይም ለእንዲህ ዓይነት ግቢና ለቦኖ አንድ ወጥ ዋጋ መያዝ። ሁለቱም የደንበኛ መዝገብን ማጥራት ይጠይቃሉ፤ ሥራው አሰልቺ ቢሆንም ከማንኛውም የታሪፍ ጥናት በፊት መምጣት ያለበት እሱ ነው።

የከተማዋ መጨረሻ

ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ 4.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለደንበኞቿ መመለስ ነበረባት። ተመላሹ በጥቅሉ የሚታደል አይደለም፤ ዋጋው ለሠራበት ጊዜ የእያንዳንዱን ደንበኛ የየወሩን ንባብ አውጥቶ እንደገና ማስላት፣ ቤት ቀይሮ የሄደውንም መፈለግ ይጠይቃል። ለትንሽ የውኃ ክፍል ከባዱ ነገር ገንዘቡ የሚመጣበት ነው። ባለ አክሲዮን የለውም፤ ሕጉም ዋጋው ከአገልግሎቱ ወጪ እንዳይበልጥ ስለሚከለክል “ለተመላሽ” ብሎ በሚቀጥለው ታሪፍ ላይ መደመር ሌላ ክስ ይጠራል። የሚነካው ለአሮጌ ቧንቧ፣ ለፓምፕና ለሜምብሬን መለወጫ የተጠራቀመው መጠባበቂያ ነው።

ምክር ቤቱ በቀጣዮቹ ዓመታት የውኃና የፍሳሽ አገልግሎቱን ለሌላ ተቋም ስለማስተላለፍ መምከር ጀመረ። የሚለወጠው ቧንቧ ብዙ፣ ወጪውን የሚካፈለው ደንበኛ ጥቂት ነበር። በካውንቲው የአካባቢ አስተዳደሮች ወሰን ኮሚሽን በኩል ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 2021 ጉድጓዱ፣ ማጣሪያ ጣቢያው፣ ቧንቧውና ደንበኞቹ ሁሉ በ1964 ለተቋቋመው ጎረቤት የሳንታ ማርጋሪታ የውኃ ዲስትሪክት ተላለፉ። የውኃ ዋጋ የሚያጸድቀውም ከዚያ ወዲህ የከተማው ምክር ቤት ሳይሆን የዲስትሪክቱ የተመረጠ ቦርድ ነው፤ ማስታወቂያው፣ 45 ቀኑና የማስረዳት ሸክሙ ግን ለእሱም ያው ናቸው።